ከዓባይ በረሃ በቅል የመጣው ዓሣ

ሰው በዓሣ ምክንያት ባንዳ ሲባል ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል። እኔ ወንድሜ ሲባል ሰምቻለሁ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ አርጅቼ ተቀምጬ፣ ገበያ ስወጣ አሁንም «የዚያ የባንዳው እህት» እያሉ የሚንሾካሾኩ አሉ። እርጅና ንዴትን ያበርዳል የሚሉ ሰዎች የሚናደዱበት ነገር ያልነበራቸው ናቸው። እኔ አልበረድሁም። ይህንንም የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ባሌን ፈትቼ ከእናቴ ቤት ገብቼ ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከፈጣም ወንዝ መሻገሪያ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው። አባቴ ጦርነቱ ሳይመጣ ሞቷል። ታላቅ ወንድሜ የአባቴን ጠመንጃ አንግቶ ከአርበኞች ጋር ዓባይ በረሃ ወረደ። መሬታችንን ጎረቤታችን በእኩል ያርሰው ነበር፤ በእኩል ይባል እንጂ ከአውድማ ወደ እኛ ጎተራ የሚገባው ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል። እናቴ ቀኝ ክንዷን ቁርጥማት ይዟት ከትከሻዋ በላይ ማንሣት አቅቷታል። ነጠላዋን እንኳ የማጣፋላት እኔ ነበርሁ።

ወንድሜ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። የአርበኛ ጎፈሬውን በሻሽ ጠምጥሞ፣ ጠመንጃውን ለጓደኞቹ ትቶ፣ ጥጥ ሊሸጥ የወጣ ቆለኛ መስሎ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ትልቅ ቅል በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ። የጥጃዎቹን ገንዳ ውሃ ሙዪው አለኝና ቅሉን ገለበጠበት። አንድ ወፍራም፣ አመድማ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ዱብ አለ። ዓይኑ ኢምንት ነው፣ ከንፈሩ ያበጠ፣ ጢም አለው። ቅርፊት ግን አንድም የለውም።

«ምንድን ነው ይኸ አስቀያሚ?» አልሁና በጣቴ ነካሁት። አንድ ነገር ከጣቴ ተነሥቶ እስከ ትከሻዬ ድረስ አንዘፈዘፈኝ፤ ሳላስበው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

«የበረሃ ሰዎች አንዘፍዛፊው ይሉታል» አለ ወደ እናቴ ዞሮ። «ከዓባይ ወለል በቀር የትም የለም። ቁርጥማት የያዘውን ክንድ ከውሃው ነክረው ያስመቱታል። ሽማግሌ ሲድን አይቻለሁ፣ እምዬ። አንቺም ትድኛለሽ።»

እናቴ ከገንዳው ራቅ ብላ ቆማለች። «ቅርፊት የለውም እኮ፣ ልጄ።»

«ብዪው አላልሁሽም። ንኪው ነው ያልሁሽ።»

«የነፍስ አባቴን ሳልጠይቅ አልነካም።»

ወንድሜ እናቱን ያውቃታል፤ አልተከራከራትም። በማግሥቱ ሲሄድ ጉልበቷን ስሞ፣ «ስመለስ ክንድሽን አንሥተሽ ተቀበይኝ» አላት።

የነፍስ አባታችን ቅዱስ ሰው ነበሩ ይባላል። ይባል። እናቴ ዓሣው ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ ለምን እንዳመጣው አንድ ሳታስቀር በንስሐ ነገረቻቸው። ልጁ ያን ሁሉ ገደል በቅል ውሃ ተሸክሞ መውጣቱ ለእርሳቸው ምንም አልነበረም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ነገር ሁሉ ርኩስ መሆኑን፣ ርኩስ ነገርም በፈሳሽ ውሃ እንደሚሸኝ ነገሯት። «ከወንዝ ጣይው፤ በጣትሽም እንዳትነኪው» አሏት። እኔ ገድለን እንቅበረው አልሁ። እናቴ አባ ያሉት ይሁን አለች። ገንዳውን እኔ በአንድ ወገን፣ እርሷ በደኅና እጇ በሌላው ወገን ይዘን ወረድንና ከመሻገሪያው በታች ካለው ጥልቅ ኩሬ ደፋነው። እናቴ ክንዷ እንደ ታመመ ቀረ፤ ዓሣው ዘመዶቹ ኖረውበት ከማያውቁት ወንዝ ገባ።

የገና ጾም ሲገባ በእኛ አገር ብርብራ ይወቀጣል። የብርብራውን ፍሬ ሴቶች ያደቅቁታል፣ ወንዶች ከኩሬው ራስ ላይ ይበትኑታል፣ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ ገብቶ መልቀም ነው። እኔም ከሴቶቹ ጋር ወቀጥሁ። አንዘፍዛፊውን ረስቼው አይደለም፤ እስከዚያ ይሞታል ብዬ ነው። ጎረቤታችን ሱሪውን ሰብስቦ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። አንድ ትልቅ ዓሣ ሲያይ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ወዲያው ጮኾ በጀርባው ተንጋለለ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቅን። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ። እርሱም ያን ሳቅ አልረሳውም።

ቡሬ ምሽግ ውስጥ ከውሃና ከጫካ የሚወጣ ነገር ሁሉ የሚሰበስብ ጣልያናዊ ሐኪም ነበር። እንቁራሪቱን፣ እባቡን፣ ሸርጣኑን አልኮል በሞላበት ጠርሙስ እየዘፈቀ በመደርደሪያ ይደረድረዋል። ደጃፉ ላይ ቁስሉ የሸተተ ሰው ተኝቶ ሳለ አንዱ እንሽላሊት ይዞ ቢመጣ፣ ከወንበሩ የሚነሣው ለእንሽላሊቱ ነው። ጎረቤታችን ይህን ያውቃል። ዓሣውን በዱላ ጎትቶ አወጣና በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ቡሬ ወሰደው። ለሚስቱ ቀሚስ የሚሆን አቡጀዲ ተሸክሞ ተመለሰ።

በኋላ ካደ እንጂ ያን ሰሞን ለመንደሩ ሁሉ እያወራ ሲንጎራደድ ሰምቼዋለሁ። ሐኪሙ ዓሣውን ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ አለ። እንዲህ ያለ ዓሣ ከዓባይ ገደል ወደ ላይ፣ በደጋ ወንዝ፣ ማንም አይቶ እንደማያውቅ፣ የመጀመሪያው እርሱ እንደ ሆነ፣ አገሩ ሲመለስ ሊቃውንቱ ሁሉ ይህን እንደሚሰሙለት ተናገረ አለ። እርሱ ያላየውን ነገር ሁሉ እንዳልነበረ የሚቆጥር ሰው ነበር፤ እኛንም የቆጠረን እንደዚያው ነው። አስተርጓሚው ግን አልተደሰተም። ይህ አስተርጓሚ ከእኛው አገር የተወለደ፣ ከጦርነቱ በፊት በረሃ እየወረደ የሚነግድ የነበረ ሰው ነው። «ይህ የዓባይ ወለል ዓሣ ነው፤ እዚህ አይኖርም። ሰው ነው ያመጣው። ከሽፍቶቹ ዘንድ እየወጣ የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው» ብሎ፣ ጎረቤታችንም እንዲሰማው በአማርኛ ጭምር፣ ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ጮኾበት አስወጣው።

ዓሣው ፈጣም ውስጥ መገኘቱ የወንድሜ ዱካ ነበር። ዱካውን ያየው አስተርጓሚው ብቻ ነው፤ አለቃው ሐኪሙ ከሰማው ወንድሜ አለቀለት። አለቃው ያልሰማው ደግሞ መስማት ስላልፈለገ ነው።

ሐኪሙ ሁለተኛ ዓሣ ፈለገ። አስካሪ የሚባሉትን ጥቁር ወታደሮቹን ይዞ ወረደና መሻገሪያው አጠገብ ድንኳን ተከለ። መንደሩን በግድ እያወጣ ብርብራ አስወቀጠን። ያን ኩሬ፣ የታችኛውን ኩሬ፣ ከዚያም የላይኛውን አስመረዘን። ጣት የማታህል ግልገል ዓሣ ሳትቀር ሆዷን ገልብጣ ወጣች፤ የወንዙ ዳር ሁሉ ገማ። ከብቶቻችንን ውሃ ለማጠጣት ሩቅ ወንዝ እንነዳ ጀመር። መዳፌ እስኪላጥ ድረስ እየወቀጥሁ፣ በእያንዳንዱ ውቅታ ሐኪሙን እረግመው ነበር። አንድም አንዘፍዛፊ አልወጣለትም። የላይኛው ኩሬ ዋሻ ስላለው ብርብራው ሁሉም ዘንድ አይደርስ ይሆናል እያለ ተስፋውን አልቆረጠም።

አስተርጓሚው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ ከደጃፉ ቆመ።

«እሜቴ፣ ክንድዎ እንዴት ነው?» አላት እናቴን።

«እግዜር ያውቃል።»

«በረሃ ስነግድ ቁርጥማት የሚያድን ዓሣ አይቼ ነበር። ለእርስዎም የሚያመጣልዎ ሰው ቢገኝ መልካም ነበር።»

«እንጃ፣ ልጄ» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «እኛ ዘንድ የሚመጣ ሰው የለም። የመጣም እንደሁ እንዳንተ ባዶ እጁን ነው።»

ሳቀ። ሲወጣ የጥጃዎቹን ገንዳ በጫማው ነካ አድርጎት አለፈ። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ስትረግም ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ወንድሜ እንዳይመጣ በጥጥ ነጋዴ ቃል ላክንበት። እናቴ ግን ከዚያ ላይ አንድ ቃል ጨመረች። ያን ያህል የደከመበትን ዓሣ ከወንዝ ጣልሁት ብትለው ያዝናል ብላ፣ «ዓሣው ሞተብን በለው» አለችው ነጋዴውን። ነጋዴው መንገድ ላይ ምኑን ረሳው፣ ምኑን አደረሰው አላውቅም። ወንድሜ የሰማው ዓሣው መሞቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ አጠመደ፣ ሌላ ቅል ውሃ ሞላ፣ ተነሥቶ መጣ።

መሻገሪያው ላይ በጠራራ ፀሐይ ያዙት። ሮጠው የነገሩን ሰዎች ቅል ታቅፎ ነበር ሲሉን እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጎትቼ አነሣኋትና ቡሬ ሄድን። በመንገድ ላይ ሁሉ ነጋዴውን፣ አባን፣ ዓሣውን፣ እርሷንም ጭምር እየተቆጣሁ ነበር የምሄደው፤ እርሷ ከኋላ ከኋላዬ ትከተለኛለች።

የገበያ ቀን ነበር። ከምሽጉ ፊት ያለው ሜዳ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። አስተርጓሚው እኛን ሲያይ አስገቧቸው አለ፤ እናት ልጇን ታስሮ ባየች ጊዜ ራሷ ታጋልጠዋለች ብሎ ነው። ወንድሜ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ግቢው መካከል ቆሟል። የምሽጉ አዛዥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ቅሉን ታቅፎ ከጎኑ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እስረኛውን ነው፣ እርሱ የሚያየው ቅሉን ነው።

አስተርጓሚው የወንድሜን ሻሽ ገፎ ጎፈሬውን ለአዛዡ አሳየ። በጣልያንኛ ተናገረና እኛ እንድንሰማው በአማርኛ ደገመው፤ «ይህ የገበሬ ጠጉር አይዶለም። ይህ ሽፍታ ነው። ዓሣውንም ከበረሃ ያመጣው እርሱ ነው፤ ብዬ ነበር።»

ሐኪሙ እጁን ቅሉ ውስጥ ከተተ። አንዘፍዛፊው መታው። ጮኸ፣ ወዲያውም ሳቀ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀው።

«የት ያዝኸው ይልሃል» አለ አስተርጓሚው ፊቱን አጥቁሮ።

ወንድሜ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ እናቴ እንደዚያ አድርጋ አሳድጋዋለች። እኔ ግን ሸንጎ ፊት ቆሜ ባል የፈታሁ ሴት ነኝ።

«ከፈጣም ነው» አልሁ። «ከፈጣም፣ ከላይኛው ኩሬ፣ ከዋሻው ሥር። ከድሮም ያጠምዳል። እዚያ ሞልቷል፤ ብርብራው ስለማይደርስባቸው ነው ያጣችኋቸው።»

አስተርጓሚው ትዋሻለች አለ። ሐኪሙ ግን የወንዙን ስም ከአፌ ለይቶ ሰምቷል። «ፈጣም፣ ፈጣም» እያለ ለአዛዡ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው አፉን ሊከፍት ሲል በአለንጋው ጫፍ ደረቱን ነክቶ ዝም አሰኘው። ቋንቋቸውን ባላውቅም ነገሩ ገባኝ። ወንድሜ አርበኛ ከሆነ ዓሣው ከበረሃ መጣ ማለት ነው፤ ዓሣው ከበረሃ ከመጣ ሐኪሙ ምንም አላገኘም ማለት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ዓሣ አጥማጅ ገበሬ መሆን ነበረበት። ለሰውየው ክብር ሲባል ወንድሜ ነፍሱ ተረፈች፤ ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ፈቱት። ፈትተው ቢተዉት ምናለበት። ሐኪሙ ራሱ ትከሻውን አቅፎ እስከ በሩ ሸኘው፤ ገበያው ሁሉ እያየ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ ጣቃ አቡጀዲም አሸከመው። ከዚያ ምሽግ ሰው የሚወጣው ወይ ሊሰቀል ነው፣ ወይ ለጣልያን አድሮ ነው። ገበያተኛው ዝም ብሎ መንገድ ለቀቀልን። ጎረቤታችን ከጨው ተራ ቆሞ ያየን ነበር።

ወንድሜ አቡጀዲውን ከቦይ ወረወረና በዚያው ወደ በረሃ ወረደ። ወሬው ግን ቀድሞት ነበር። ያስፈታኝ ዓሣ ነው አላቸው ጓደኞቹን። ማን ያምናል? እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ስለ ድሮው ሲሉ አልገደሉትም፤ የአባቴን ጠመንጃ ቀምተው ሂድ አሉት። ወደ እኛም አልመጣም፤ መንደሩ ምን እንደሚለው ሰምቷል። አገው ምድር፣ አክስታችን ዘንድ ገብቶ ተቀመጠ። እኛን ማኅበርተኞቹ ከጽዋው አስወጡን። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሡ ነበር። እናቴ ይህን ሁሉ ችላ የምታለቅሰው ሌላ ነገር ነበር፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ቆማ ክንዷን አንሥታ ልትቀበለው አለመቻሏን።

ጣልያን ቡሬን ለቅቆ ሲሄድ ሰው ወደ ምሽጉ ተመመ። ሌላው ጥይትና ብርድ ልብስ ሲፈልግ እኔ ጠርሙሶቹን ፈለግሁ። የሐኪሙ ቤት ወለሉ ስብርባሪ ብቻ ነው። አልኮሉን የጠጣው ጠጥቶት፣ እንቁራሪቱንና እባቡን ደፍተውታል። ከአንዘፍዛፊዎቹ አንዱን ከግድግዳው ሥር አገኘሁት። ነጥቷል፣ ቆዳው ተጨማድዷል፤ ያ ያበጠ ከንፈሩ ግን ያው ነው። በነጠላዬ ቋጠርሁት። ማስረጃ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ዘመን የማስታውሰው ደስታ ያ ነው።

አገሩ ሲረጋ ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ማን አርበኛ ነበር፣ ማን ባንዳ ነበር የሚለው የሚለይበት ቀን ነው፤ ባንዳ የተባለ ርስቱን ያጣል። ወንድሜ ከአገው ምድር ተጠርቶ መጣ፤ ቤት ሳይገባ ከመንገድ በቀጥታ ከሸንጎው ደረሰ። ጎረቤታችን ተነሥቶ፣ ሐኪሙ ሲያቅፈው በዓይኔ አይቻለሁ አለ። መሬታችንን የሚያርሰው እርሱ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አላነሣውም።

ነጠላዬን ፈትቼ ዓሣውን በጎረቤታችን እጅ ላይ አኖርሁት። «አንተ ታውቀዋለህ» አልሁ። «ከኩሬው በጀርባህ የጣለህ ይህ አይዶለም? ቡሬ የወሰድኸውስ አንተ አይዶለህም?»

አዎ ቢል ለጣልያን ዓሣ ተሸክሞ መሄዱን፣ አቡጀዲ መቀበሉን ማመን ነው። ዓሣውን አገላበጠው፣ ጨመቀው፣ ከፍ አድርጎ ለሽማግሌዎቹ አሳየ። «ይህ ተራ አምባዛ ነው፣ አባቶቼ። ይኸው፣ ምን አደረገኝ?» አለ። ሰው ሳቀ። የሞተ ዓሣ አይመታም፤ ይህን አላሰብሁበትም ነበር። ያን ቀን ከእኔ ጋር ወንዝ ዳር የሳቁት ሴቶች ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ስበው መሬት መሬት አዩ። አንዳቸውንም እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁም።

እናቴ ተነሣች። «አባ» አለች ወደ ነፍስ አባታችን ዞራ፣ «ዓሣው ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳመጣው ለእርስዎ ነግሬአለሁ። እኔ ፈቅጃለሁ፤ ይናገሩልኝ።»

አባ መስቀላቸውን ጨበጡ። «ንስሐ ከተነገረበት አይወጣም፣ ልጄ» አሉ። ርኩስ ነው ጣይው ሲሏት የነበረው አንደበት አሁን የት ገባ ብዬ በልቤ ጠላኋቸው። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ወንድሜ ባንዳ ተባለ፤ መሬቱም ለአራሹ ጸና።

ወንድሜ ዓሣውን ከጎረቤታችን እጅ ተቀበለና እናቴ ወዳለችበት መጣ። ሸንጎውን፣ መሬቱን፣ ስሙን ትቶ፣ «እምዬ፣ ክንድሽስ?» አላት። «የፊተኛው ሳይሞት ደርሶልሽ ነበር?»

እናቴ አየችው። ከዚያ ቀኝ ክንዷን አነሣች። ከትከሻዋ አለፈ፣ ከራሷም በላይ ወጣ። አጠገቧ ስለ ነበርሁ ጥርሷን ስታፋጭ ሰማሁ።

«ድኛለሁ» አለችው። «ያኔውኑ ነው የዳንሁ።»

ወንድሜ ፊቱ ፈካ። ጉልበቷን ስሞ፣ ያኑ ዕለት ወደ አገው ምድር ተመለሰ፤ ዳግመኛም ወደ እኛ አልመጣም፣ እናቴ ድናለች እንዳለ እዚያው ሞተ። ዓሣውን በጣቷ እንኳ ነክታው እንደማታውቅ የምናውቅ እኔና አባ ብቻ ነበርን። አባ ያን የተነሣ ክንድ ቀና ብለው አዩት፣ መልሰው አንገታቸውን ደፉ፤ ቃል አልወጣቸውም። በዕድሜዬ ዝምታቸውን ያልጠላሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ልጇ ከተረተሩ ማዶ እስኪጠፋ ክንዷን እንዳነሣች ቆመች። ከዚያ እኔ ይዤ አወረድሁላት።